የዘለልሁት ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዳባት፣ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ክረምቱን ሲያፈስ ከርሞ ኖሮ፣ የረጠቡትን መጻሕፍት አውጥተን ሜዳው ላይ አሰጣናቸው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይዋም የክረምት ማግስት ፀሐይ ናት፤ ብርሃኗ ብዙ፣ ሙቀቷ ግን ትንሽ። ነፋሱ ገጾቹን ያገላብጣል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳነሣው የእርጥብ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሻጋታ አለበት፣ ሙጫ አለበት፣ የሆነ የጭስ ነገርም አለበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ነበር። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ሌላ ክምር ተሸክመው መጥተው «መምህርት፣ ይኼንስ የት እናድርገው?» እያሉኝ እኔ መጽሐፉን ይዤ ቆሜ ነበር።

እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ እሑድ ዕለት ከጉባኤው በኋላ ከብባችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። «ራስን አሳልፎ የሚሰጥ ፍቅር ይሉናል። እኛ ተማሪዎች ነን፤ ሀብት የለን፣ ሥልጣን የለን። ምን አለንና ነው የምንሰጠው?» ስትሉኝ፣ ሰዓት ደርሶ ስለ ነበር በሁለት ቃል መልሼ አሰናበትኋችሁ። መልሱ ግን በሁለት ቃል የሚያልቅ አልነበረም። አሁን ልንገራችሁ።

በናንተ ዕድሜ ደባርቅ ነበርሁ። እናቴ ለተራራው ጎብኚዎች ማረፊያ የሚሆን ሆቴል ውስጥ የአልጋ ልብስ ታጥባለች፤ አባቴ በቅሎ ጭኖ ከእንግዶቹ ጋር ሲወጣ ሳምንት ዐሥር ቀን ሰሜን ተራራ ላይ ይቀራል። እኔ አንድ ልጃቸው ነኝ። ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። ሐኪም እንደምሆን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል። ጎረቤቶቻችን ራሳቸውን ሲያማቸው ሳይቀር «ቶሎ ጨርሽና አክሚን» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ቀልድ አይመስለኝም ነበር።

አንዲት ልጅ ከበየዳ ወረዳ ወደኛ ትምህርት ቤት የመጣች አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ነው። ከነሱ አገር መሰናዶ ትምህርት ስላልነበረ፣ እንደ ሌሎቹ የገጠር ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በሶና ቆሎ ከቤቷ እየተላከላት ትኖራለች። ቀጭን ናት፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ከኔ ጋር የተፈጥሮ ሳይንስ ነበር የጀመረችው። መጀመሪያ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ከወንበሯ ተነሥታ ሰሌዳው ሥር ቆማ መገልበጥ ጀመረች። ከዚያ የኛን ደብተር ተውሳ አፍንጫዋ እስኪነካው አስጠግታ ታነብ ነበር። ጎንደር ወስደው ቢያሳይዋት የዓይን ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየሄደ እንደሆነ ነገራቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ጥላና ብርሃን ከመለየት በቀር ምንም አታይም ነበር። ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ አዛወሯት። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ፤ እነዚያን ሁሉ ወፍራም መጻሕፍት የሚያነብላት ሰው ግን አልነበራትም።

የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የሚያስተምሩት፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው፣ ሽበታቸው ጥምጥማቸውን የሚመስል ሰው ነበሩ። ሲናገሩ አይቸኩሉም። ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ስለሚሰጥ ሰው የሚናገረው ወንጌል የተነበበ ዕለት፣ ጉባኤው ሲያልቅ እንዲህ አሉን፦

«ይቺ እኅታችሁ የሚያነብላት ካላገኘች አባቷ ሊወስዷት ነው። እስቲ ተነጋገሩበት።»

ተነጋገርን። በየቤታችን ሄደን ያለንን አሰባሰብን። አንዱ ጤፍ አመጣ፣ አንዷ ስኳር፤ እኔ የአንገት ሹራቤን ሰጠሁ። ደህና ሹራብ ነበር፤ ሌላ ደህና ሹራብም ነበረኝ። ዕቃው ተቆልሎ ሳየው ደረቴ ሞላ። የኔታ ክምሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና እኔን ጠሩኝ።

«ሹራቡ ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ። አይበርድሽም?»

«ሌላ አለኝ።»

«እንግዲያማ ደግ ነው» አሉ። «ልጄ፣ እሷ የቸገራት ዓይን ነው። ነፍስን ስለ ወዳጅ መስጠት ስንል እናንተ ሰይፍና እሳት ይመስላችኋል። ብዙውን ጊዜ ግን ነፍስ ማለት ከሰዓት በኋላ ነው። ዛሬ አንድ ከሰዓት፣ ነገ አንድ ከሰዓት።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም እቆጣና እተወው ነበር። ሦስት ቀን አኩርፌ ዋልሁ። ለምን እኔ? የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች አሉ አይደለም? ለራሳቸው ሲያነቡ ለሷም ቢያነቡላት ምን ይጎዳቸዋል? እኔ የሷን መጽሐፍ ባነብ ለፈተናዬ አንዲት ጥያቄ አይመልስልኝም። ይኼን ሁሉ ለራሴ በደንብ አስረድቼ ከጨረስሁ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ ኪራይ ቤቷ ወሰደኝ። በሩ ላይ ቆሜ «ጂኦግራፊውን አምጪው» አልኋት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምሁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ የጽድ ዛፍ ከሚያጠላበት ድንጋይ ላይ እንቀመጥ ነበር። በሊማሊሞ በኩል፣ ከአዲ አርቃይ ቆላ ጉም እየተጎተተ ይወጣና ድንገት አጠገባችን ያለውን ዛፍ ይውጠዋል። ያኔ ለኔም ፊደሉ ይደበዝዝብኛል። ጽዱ ሲረጥብ የሚሸተው ሽታ አሁንም ልብሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። እሷ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጭንቅላቷን ወደኔ ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። እጇ ላይ ሁልጊዜ አንድ ረጅም የጥጥ ክር አለ። አንድ ምዕራፍ ስንጨርስ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ኋላ ቋጠሮዎቹን በጣቷ እየዳበሰች፣ «ይኼኛው የነፋስ ነው፣ ይኼኛው የወንዞች» እያለች ያነበብሁላትን ከዳር እስከ ዳር ትደግምልኛለች። እኔ ያነበብሁት እኔ፣ አንዱንም አላስታውሰውም ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። ክፉ ሆና አይደለም። እጇ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ተሰነጣጥቆ ያሳደገችኝ ለዚያ ፈተና ነበር። አንድ ቀን አንሶላ እየጨመቀች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ላንቺ ማን ያነብልሻል?» አለችኝ።

«እኔማ ዓይን አለኝ፣ እማዬ።»

«ቀን ቀኑን ለሰው ካዋልሽው ዓይንሽ ምን ይሠራልሻል?»

እውነቷን ነበር። የፊዚክስ ውጤቴ ወረደ። መምህሩ ወረቀቴን ሲመልስልኝ «ምን ነካሽ?» አለኝ። ከኔ በታች የነበረው ልጅ አንደኛ ወጣ። እኔም፣ እንግዲህ አልደብቃችሁም፣ እሷን መጥላት ጀመርሁ። ቋጠሮዋን አጠባብቃ ስትቋጥር ያናድደኛል። «እስቲ ያቺን መስመር እንደገና» ስትለኝ ያናድደኛል። አመሰግናለሁ ስትለኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናድደኛል። መሄዴን ግን አላቋረጥሁም። ፍቅር ከልቤ ሸሽቶ እግሬ ብቻ የሚሄድበት ወቅት ነበር። ይኼ እናንተንም ያገኛችኋል፤ ሲያገኛችሁ አትደንግጡ።

አንድ ሐሙስ በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ፤ እሷ ደግሞ በሳምንቱ የታሪክ ፈተና ነበራት። ጉሙ ወጥቶ ጣቴ ደንዝዟል። የታሪኩን አምስተኛ ምዕራፍ ጨርሼ ስድስተኛውን ገለጥሁና ስቆጥረው ሃያ ምናምን ገጽ ነው። ገጾቹን ባንድ ላይ ገልብጬ ወደ ሰባተኛው አለፍሁ። አርእስቱን ሳነብላት ጣቷ ክሩ ላይ ቆም አለ። «ስድስተኛውስ?» አላለችኝም። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልሁ።

በሳምንቱ ፈተናው መጣ። ገሚሱ ከስድስተኛው ምዕራፍ ነበር። እሷ ወደቀች።

የውጤቱ ወሬ የበየዳ ሰዎችን ተከትሎ አባቷ ዘንድ ደረሰ። አባቷም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ። የኔታ ወደ ኪራይ ቤቷ ያስጠሩኝ ዕለት ስገባ፣ ሰውየው ጋቢያቸውን እንደለበሱ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዕቃዋ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ተዉ እያሉኝ ነው የቆየሁ» ይሉ ነበር አባቷ ለየኔታ። «እኔ ልጄን ጠልቼ አይደለም። ዓይኗን ካጣች ትምህርቱ ያደክማታል እንጂ ምን ያደርግላታል? ይኸው ወደቀች። ትምጣና ከናቷ ጋር ትቀመጥ። የሚያገባት ደግ ሰውም አላጣሁ።»

«የሚያነብላት ሰው አግኝታ ነበርኮ» አሉ የኔታ።

«ተነብቦላትስ ምን ሆነ? ያው ወደቀች!»

እሷን አየኋት። አንዲት ቃል ይበቃታል። «አንድ ምዕራፍ አልተነበበልኝም» ብትል ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እጇ ነጠላዋ ሥር ነበር፤ ክሩን እንደያዘች አውቄያለሁ።

እዚያች ክፍል ውስጥ የሆነውን ስንት ጊዜ እንዳሰብሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ነገ ከሰዓት በኋላዬ ይመለስልኛል፣ ፊዚክሴ ይመለስልኛል፣ እናቴ ደስ ይላታል። «ሞክሬ ነበር» እላለሁ፤ ሁሉም «እውነት ነው፣ ሞክረሽ ነበር» ይለኛል።

«እሷ አይደለችም የወደቀች» አልሁ። ድምፄ ሲወጣ እኔም አልጠበቅሁትም። «እኔ ነኝ። አንድ ምዕራፍ ሆን ብዬ ዘለልሁባት። ፈተናው የመጣው ከዚያ ነው።»

የኔታ ወደ መሬት አዩ። አባቷ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ የምታነቢላት?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በየቀኑ። ከእሑድ በቀር።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ታዲያ ለምን ዘለልሽው?»

«ደክሞኝ ነበር። ደግሞም… የኔ ውጤት ሲወርድ እሷ ሁሉን ስትይዘው ቀንቼ ነበር።»

ሰውየው ዱላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። «ሰው ሲደክመው ያርፋል እንጂ» አሉ፣ እንደ ተቆጡም እንደ አዘኑም ሆነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባዬ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

ያኔ ነው የተናገረችው፤ ለሳቸው እየመለሰች ፊቷ ግን ወደኔ ነበር። «ስትዘል የዚያኑ ዕለት አወቅሁ። ጎደለብኝ ብላት ተመልሳ እንዳትመጣ ፈራሁ። አንድ ምዕራፍ ቢጎድል ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ አለቀስሁ፤ እዚያው ቆሜ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ሰጪ ነኝ ብዬ ሳስብ ኖሬ፣ ከሁለታችን ብዙውን የሰጠች እሷ ነበረች። በኔ ፋንታ ወድቃ፣ በኔ ፋንታ ዕቃዋን ጠቅልላ፣ ስሜን ሳታነሣ ልትሄድ ነበር። የኔታ ምንም ስብከት አልጨመሩም። ጥቅልሉን ከበሩ አጠገብ አንሥተው ወደ ውስጥ መለሱት። አባቷም «እስከ ፈተናው ትቆይ» ብለው በማግስቱ ወደ በየዳ ተመለሱ።

ስድስተኛውን ምዕራፍ በዚያው ሳምንት አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር አልላችሁም። የመልቀቂያው ፈተና ሲቃረብ የክፍሌ ጎበዞች ጎንደር ወርደው ለአንድ ወር ልዩ ትምህርት ሊወስዱ ተነሡ። አጎቴም ማደሪያ አዘጋጅቶልኝ ነበር። አስቤበት ቀረሁ። አሁን የቀረሁት ስለ ታዘዝሁ ወይም ስላፈርሁ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሲደርስ እዚያ ድንጋይ ላይ መሆን ፈልጌ ነበር። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ትኩስ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ሲከብደኝ አየሁት፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።

ፈተናው ተፈተንን። ለሷ የሚያነብላት መምህር ተመድቦላት በሌላ ክፍል ተፈተነች። ውጤቱ ሲመጣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚበልጣት አልነበረም፤ ሕግ ልታጠና ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። እኔም አለፍሁ። ሕክምናው ግን በጥቂት ነጥብ አመለጠኝ።

ቆጭቶኝ ያውቅ እንደሆነ ልትጠይቁኝ ነው። አዎ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጭቶኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነጭ ጋዋን የለበሱትን ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ኋላ ግን ሥነ ሕይወት አስተማሪ ሆኜ እናንተ ፊት ቆምሁ፤ የማስተምረው ነገር ላልገባው ልጅ አንዲት መስመር ሦስት ጊዜ መድገም የማይሰለቸኝ ሰው ሆኜ። ያን ትዕግሥት ያገኘሁት ከዚያ ድንጋይ ላይ ነው። እሷም ዛሬ ጠበቃ ናት። ዓመት በዓል ሲሆን ትደውልልኛለች፤ ስልኳ መጽሐፉን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላታል። «ይኼኛው አይዘልም» ትለኛለች እየሳቀች።

እና ምን አለን ላላችሁኝ፤ ከሰዓት በኋላ አላችሁ። እግር አላችሁ። ዳገቱን በጄሪካን ውኃ ተሸክማ የምትወጣ አሮጊት በሰፈራችሁ አለች። ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ የምታውቁትን ትምህርት የማያውቅ ጓደኛ አለ፣ አባታችሁ ብቻውን የሚያጭደው ገብስ አለ። የተረፋችሁን መስጠት መልካም ነው፤ ስጡ፤ ፍቅር ግን የሚጀምረው ሲጎድልባችሁ ነው። ስትጀምሩ ታማርራላችሁ። አንዳንድ ቀን ትዘልላላችሁ። የዘለላችሁ ዕለት ተመልሳችሁ ሂዱና «ዘልያለሁ» በሉ። ከዚያ ቀጥሉ። ይቻላል። እኔ ከማንኛችሁም የተሻልሁ አልነበርሁም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደች ዕለት አባቷ፣ የኔታና እኔ ደባርቅ መናኸሪያ ሸኘናት። ጠዋት ነበር፤ የአውቶቡሱ ሞተር እየጮኸ፣ ረዳቱ በጣሪያው ላይ ዕቃ እየወረወረ ብዙ ማውራት አልቻልንም። አንገቴን አቅፋ ቆየች። «ስታነቢ ውኃ ጠጪ» ብቻ አለችኝ። አውቶቡሱ ወደ ዳባት በኩል ሲታጠፍ አባቷ እጃቸውን አንሥተው ቀሩ፤ እንደማታያቸው ትዝ ያላቸው ኋላ መሰለኝ፤ ቀስ ብለው አወረዱት።

ቤት ገባሁ። ቀኑ አላልፍ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ እጄ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አወረደ። ከጓሯችን፣ እናቴ ካሰጣቻቸው ነጫጭ አንሶላዎች አጠገብ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርሁ። ብዙ ከሄድሁ በኋላ ነው ጮክ ብዬ እያነበብሁ መሆኔ የታወቀኝ። አጠገቤ ማንም የለም። አፌን ዘጋሁ።

እናቴ አንሶላው መካከል ቆማ ኖሯል። ፊደል አልቆጠረችም፤ በዕድሜዋ መጽሐፍ ተገልጦ ሲነበብላት የሰማችው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ በርጩማዋን አመጣች፣ ከጎኔ አስጠጋችና ተቀመጠች።

«ምነው ተውሽው?» አለችኝ። «ቀጥዪ እንጂ። እየሰማሁ ነበርኮ።»

ገጹን ወደ ኋላ መልሼ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርሁላት።